የከድር ተራ

ጂን የሚባል ፍጥረት መኖሩን የማምነው ቁርኣን ላይ ስላለ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጪ እከሌ ጂን አየ፣ እከሊት የሞተ አጎቷን ገበያ ውስጥ አገኘችው ሲሉኝ፣ ወላሂ ፊታቸው ላይ ነው የምስቀው፣ ምክንያቱም እኔ አሰላ ገበያ ሰልባጅ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ ሙታን የሚመለሱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ጋ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ከቦንዳው የሚወጣው ኮት ሁሉ ባለቤቱ የት እንደገባ ማን ያውቃል፣ ግማሹን አፈር በልቶታል፣ እኔ ግን ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ልብሳቸውን እያራገፍኩ፣ እየተኮስኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ ስሸጥ አንድም ሰው መጥቶ «ኮቴን መልሺልኝ» ያለኝ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ፣ የኔ ሥራ በአፍንጫ ነው። ቦንዳ ሲፈታ ሌሎቹ ነጋዴዎች ቀለሙን ሲያዩ፣ ጨርቁን ሲጎትቱ፣ እኔ ብብቱንና አንገትጌውን አሸታለሁ፣ የሻገተውን፣ አይጥ የሸናበትን፣ በሽተኛ ለብሶት የከረመውን ሳልዘረጋው እለየዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ «ዘሃራ አፍንጫ» ብለው ስም አውጥተውልኛል፣ አልከፋኝም፣ እንጀራዬ ነው። የምነግራችሁን ነገር ያየሁት በዓይኔ ብቻ ቢሆን እኔም አላምነውም ነበር። እኔ ግን አሽትቼዋለሁ።

ነገሩ ባለፈው ክረምት ነው። ያ ክረምት መቼም አይረሳችሁም፣ አገር ተለወጠ፣ የለም አብዮት ነው፣ የለም ገና ነው እየተባለ ሰው በየሻይ ቤቱ የሚፋጭበት፣ ዛሬ የተጨበጨበለት ነገ የሚሰደብበት፣ ሰማዩም የተቀየመ ይመስል በረዶውን ሳያቋርጥ የሚያወርድበት። ታናሽ ወንድሜ ጀማል መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ልጅ ነበር፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ከኔ በቀር እሱ፣ ከሱ በቀር እኔ ማንም የለንም። ከየቀበሌው ወጣት ሲሰበሰብ ሚሊሻ ሆኖ ሄደ። ምን ጠብቅ ተባለ? አንቴና! ከሳጉሬ በላይ፣ ከገበሬው ማሳ በላይ፣ በቅሎ እንኳ እያማረረች የምትወጣበት ሸንተረር ላይ የቆመ የስልክ ብረት።

ከማን ነው የምትጠብቁት ብዬ በስልክ ብጠይቀው «አልነገሩንም» አለኝ።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልለፍ፣ እኛ አሰላ ቁጭ ብለን ትኩስ ሻይ እየጠጣን ፌስቡክ ላይ «ጀግኖቻችን» ብለን የምንጽፈው እነዚያ ልጆች በሚጠብቁት ኔትወርክ ነው። አደባባዩ ላይ ደግሞ ትልቅ ሸራ ሰቅለዋል፣ ጥርሳቸው ነጭ፣ ልብሳቸው የተተኮሰ ወታደሮች ይስቃሉ፣ ከሥሩ የምስጋና ቃል አለ። አዳራሽ ጠርተውንም ነበር፣ ባለሥልጣኑ ከፊቱ የታሸገ ውሃ ተደርድሮለት «ብርዱ አልበገራቸውም» አለ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔ አጠገብ የተቀመጡት አዛውንት እንባቸውን ጠረጉ፣ እኔ ግን፣ እመኑኝ፣ አላጨበጨብኩም፣ ምክንያቱም በዚያው ጠዋት ጀማል ደውሎልኝ ሳሉን ሰምቼዋለሁ። ኤጭ! ያን ሳል ዛሬም አልረሳውም፣ እርጥብ ነው፣ ከሥር የሚንተከተክ ነገር አለበት።

«ና ውረድ» አልኩት።

«ተራ አለኝ» አለኝ።

«ምን ተራ? ከልክለውሃል?»

«ማንም አልከለከለኝም፣ ዘሃራዬ። ተራ አለኝ።»

የጓደኛውን ነገር ባላውቅ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። እዚያው ምድብ ላይ ከድር የሚባል ከጮሌ ከተማ የመጣ ልጅ ነበረ፣ ክረምቱ ሲገባ ተመሳሳዩን ሳል ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ በቃ፣ በበቅሎ ጭነው አወረዱትና አገሩ ጮሌ ወስደው ቀበሩት። ጀማል ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሲነግረኝም እየሳለ ነው። ስለዚህ ዓይኔ እያየ ወንድሜ በዚያው በቅሎ ላይ ሊጫን ነው፣ ይሄ ነው የገባኝ። ካሉኝ ካፖርቶች ደህና ደህናዎቹን መርጬ በጆንያ አሰርኩ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ሰማያዊ ሱፍ ነበረኝ፣ ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኩት፣ ከላይ ያለው ቁልፍ ጠፍቶ ቡናማ የተከልኩለት፣ እሱን ለጀማል ብዬ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳጉሬ ወረድኩ፣ ከዚያ ባለበቅሎ ይዤ ሽቅብ።

ይሄ ሁሉ በቀን ነው፣ እሱንም ልብ በሉ፣ የማታ ወሬ አይደለም የማወራችሁ። በቀን ግን ፀሐይ የለም። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል፣ የበቅሎዋ ጆሮ ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፣ ባለበቅሎው ሽማግሌ ከፊት ሆነው «ደፊ! ደፊ!»፣ ፍጠኚ ፍጠኚ እያሉ ይነዷታል፣ እኔ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ጭቅ ጭቅ ይላል። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ደረስን። መድረሳችንን ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው።

ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ቆርቆሮውን ውስጡ ያለው ትንፋሽ አርጥቦታል፣ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ መሬቱ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የበሰበሰ ጭድ፣ ጭዱ ላይ የሌሊት ተረኞቹ ልጆች እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ተደራርበው ተኝተዋል። የእግር ሽታ፣ የላምባ ሽታ፣ ጥግ ላይ የተተፋ አክታ፣ ወላሂ ስንት ቦንዳ ፈትቼ እንደዚያ ያለ አላጋጠመኝም። ግርማ የሚባል የሁሩታ ልጅ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጨዋ፣ ከተራው ገና የወረደ፣ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ፣ «እትዬ ዘሃራ እርስዎ ነዎት? ጀማል ሁልጊዜ ስለርስዎ ያወራል» ብሎ የሚበላ አቀረበልኝ፣ ኮቾሮ፣ ያ ድንጋይ የሆነ የወታደር ደረቅ ዳቦ፣ ስሰብረው ነቀዙ እጄ ላይ ወጣ።

«ይሄን ነው የምትበሉት?»

«መታ መታ ሲያደርጉት ይራገፋል» አለኝ፣ አሳየኝም፣ በጉልበቱ ላይ መታ መታ አድርጎ ነቀዙን አራገፈና በላ። እኔ ወጥቼ ተፋሁ።

አለቃቸውስ? አለቃቸው ለብቻው ሌላ ቤት አለው፣ ከሰል ይነድለታል፣ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፣ ፊቱ ይወዛል። ወንድሜን ልወስደው መጣሁ አልኩት፣ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ ልለምን፣ ላለቅስ፣ ካልሆነም ልሳደብ። እሱ ግን ሳቀ።

«ውሰጂው! ማን ያዘብሽ? እሺ ካለሽ።»

«ይሞትብሃል እኮ፣ ያኛው ልጅ እንደሞተው!»

«ያኛውስ ቢሆን ተራው ተሸፍኗል» አለኝ፣ ስንጥሩን ተፋና ገባ።

ያን ጊዜ ሌላ ሰው ተክተውለታል ማለቱ መሰለኝ። ጀማልን ከቆርቆሮው ጀርባ አገኘሁት፣ ተራውን ገና ከግርማ ተረክቦ፣ ድምፄን ሲሰማ ለአፍታ ከጥበቃው ወርዶ። ጉንጩ ገብቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። አቅፌው ሳበቃ ትከሻው ላይ ያለውን አየሁ፣ አንድ ካፖርት፣ ድሮ አረንጓዴ የነበረ፣ አሁን ምንም ዓይነት ቀለም የሌለው፣ በዝናብ ብዛት ከብዶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተጎተተ።

ግርማም ተከትሎኝ ነበር፣ ሁለቱ ነገሩን አስረዱኝ። ቀኑን ሦስት ሆነው ይካፈሉታል፣ ግርማ ይጠብቃል፣ ከሱ ጀማል ይረከባል፣ ድሮ ከጀማል ከድር ይረከብ ነበር፣ ከከድር ደግሞ መልሶ ግርማ። ካፖርቱ ለሁሉም አንድ ነው። ሲጀመርም ሌላ አልተሰጣቸውም፣ ስለዚህ ራሳቸው ደንብ አወጡ፣ ካፖርቱ መሬት አይነካም፣ ሚስማር ላይ አይሰቀልም፣ ከሰው ትከሻ ወደ ሰው ትከሻ እንደሞቀ ነው የሚተላለፈው፣ ምክንያቱም አንዴ ከቀዘቀዘ በዚያ ቁር ሰው እስኪያሞቀው ራሱ ይደርቃል። ተረኛው ፊቱን ከመንገዱ ማንሳት ስለሌለበት የሚረከበው ከኋላው ይመጣል፣ «አለሁ» ይላል፣ ካፖርቱን ከትከሻው ይወስዳል፣ የተፈታው ዘወር ብሎ ሳያይ ወርዶ ይተኛል። ቆንጆ ደንብ ነው፣ አልዋሽም፣ ልጆች ያወጡት ደንብ ነው።

ካፖርቱን ከላዩ ላይ ነጠቅኩትና እንደ ልማዴ አንገትጌውን አሸተትኩ። ያ ረቢ! እርጥብ በግ፣ ሻጋታ፣ የደረቀ አክታ፣ ስፌቱ ውስጥ ቅማሉ ሰፍሯል፣ ቀፈፈኝ፣ እጄ ራሱ ቀፈፈኝ። ግን ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበረ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ንጹህ፣ የማውቀው፣ ስሙ ግን አልመጣልህ አለኝ። አልቆየሁም፣ ካፖርቱን ጭቃው ላይ ወረወርኩት።

ግርማ ሮጦ አነሳው፣ በክንዱ ጭቃውን ይጠርግ ጀመር፣ የሰው ልጅ ወድቆበት የሚያነሳ እንጂ ጨርቅ የሚያነሳ አይመስልም።

«ተወው! ካፖርት አምጥቼላችኋለሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ!» ብዬ ጆንያውን ዘረገፍኩት፣ ሰማያዊውን ለጀማል አለበስኩት፣ «አሁን ወደ ቤት» አልኩት።

«ተራዬ ነው» አለ።

ያኔ ፈነዳሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ እኔ ሞኝ ነው ያሳደግኩት አልኩት፣ ማን ነው የሚጠብቅህ፣ ምንድን ነው የያዘህ፣ ይሄ ነቀዝ ነው? ይሄ ቅማል ነው? በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን የሚጎረጉረው ሰውዬ ነው? ለውጡ ነው? ለውጡ ለኛ ምን ለወጠልን? ጀማል መሬት መሬት ያያል፣ የመለሰልኝ ግርማ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ ስለ አገር ነው ብዬ አልዋሽዎትም። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ እንል ነበር። አሁን ከድር ነው።»

«ከድር ሞቷል።»

«ሞቷል። ጭነን ያወረድነው እኛ ነን። በማግስቱ ጀማል ከድር የለም፣ የሱንም ሰዓት እኔ እሸፍናለሁ ብሎ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ከኋላው መጥቶ ‹አለሁ› አለና ካፖርቱን ወሰደው። ጀማል ወርዶ ነገረኝ፣ በቁሙ ቃዠ ብዬ ሳቅኩበት። ተራዬ ደርሶ ስወጣ ያለው ካፖርቱ ብቻ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ነክቼ አየሁት፣ ይሞቃል።»

«እና ይሄን አለቃችሁ ያውቃል?»

«ነገርነው። ሰው ይተኩልን፣ ልጁም ይረፍ አልነው። ‹ተራው ከተሸፈነ ምን ሰው ያስፈልጋል› አለን።»

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ፍርሃት አይደለም፣ አላመንኩማ፣ ጥላቻ ነው፣ እንደ ሬት የሚመር። እነዚህ ልጆች በብርድና በረሃብ አእምሯቸው ተነክቷል፣ ያ የወዛ ሰውዬ ደግሞ መነካታቸው ተመችቶታል፣ ይሄ ነው የታየኝ። ከዚያ ጀማል ቀና ብሎ አየኝና ያን ነገር አለ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለውን።

«ሞቶ እንኳ ተራውን ያልዘለለ ሰው እያለ፣ እኔ በቁሜ ልዝለል?»

አብሬው ወጣሁ። አንቴናው ሥር ድንጋይ ክብ አድርገው ክበዋል፣ እዚያ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ከፊታችን መንገዱ አለ ይላል እሱ፣ እኔ ጭጋግ ነው የሚታየኝ። ሽቦው ከላይ እዝዝዝ ይላል። ጀማል ይስላል፣ እኔ ጀርባውን አሻለሁ፣ የጎድን አጥንቱ በሱፉ በኩል ይሰማኛል፣ ስለ ልጅነታችን አወራሁት፣ ስለ ጎሚስታ ቤቱ፣ ቦታውን ባለቤቱ እንደያዘለት፣ «እሺ» ይላል፣ ዓይኑን ግን ከፊቱ አያነሳም። ከአፉ የሚወጣውን በመሀረብ ስጠርግለት ቀይ ነገር አየሁበት፣ መሀረቡን አጥፌ ደበቅኩት።

ወደ አስር ሰዓት ይሆናል፣ ሽቦው ዝም አለ።

ነፋሱ ቆመ መሰለኝ። ከዚያ ጠጠር ላይ እርምጃ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ሰው ደክሞት ዳገት ሲወጣ እንደሚረግጠው። ከቆርቆሮው በኩል አይደለም፣ ግርማ ነው እንዳልል በዚያ በኩል አይደለም፣ ከወዲያ፣ በጮሌ በኩል ነው። ጀማል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ዘወር እንዳትዪ» አለኝ በሹክሹክታ። እርምጃው ከኋላችን ቆመ። ትንፋሽ የለም፣ እሱን ነው ያዳመጥኩት፣ ዳገት የወጣ ሰው እኮ ያለከልካል።

«አለሁ» አለ።

ጨዋ ድምፅ ነው፣ የወጣት ድምፅ፣ ትንሽ የሚያፍር። እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ዘወር አልኩ።

ፊቱን አላየሁም፣ ጭጋጉ እስከ አንገቱ ወርዷል፣ ከፈለጋችሁ እምላለሁ። እጆቹን ነው ያየሁት፣ ሰማያዊውን ካፖርት ከወንድሜ ትከሻ ሲያነሱ፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ ይመስላሉ፣ ነጥተው የተጨማደዱ፣ ጥፍራቸው ሥር ቅንጣት ቆሻሻ የለም። ያኔ ሽታው መጣ፣ ያ ከአንገትጌው ሥር ያጣሁት፣ ስሙም አብሮ መጣልኝ። ካፉር ነው። የእናቴን ሬሳ ስናጥብ ውሃው ላይ ያደረግነው ካፉር። ከዚያ ከቆሸሸ ተራራ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ግማትና አክታ መሀል፣ የታጠበው እሱ ብቻ ነበር።

ካፖርቱን ለበሰ፣ ይቆልፍ ጀመር። የላይኛው ቁልፍ፣ ያ ቡናማው፣ ቀዳዳው ይጠበዋል፣ ሁልጊዜም አውቀዋለሁ፣ ጣቶቹ እየሞከሩ ያመልጣቸዋል፣ ይሞክራሉ፣ ያመልጣቸዋል፣ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ለደንበኛ እንደምለው «ከታች ጀምር» አልኩት።

እጆቹ ቆሙ። ከዚያ ከታች ጀመሩ።

ጀማል ሳያይ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ሳሉ ያዘውና ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ፣ እንደገና አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም ትዝ አይለኝም፣ መጮኼ ትዝ ይለኛል፣ ግርማና ባለበቅሎው ሽማግሌ ሮጠው መጥተው መጫናቸው፣ ሽማግሌው ወደ ኋላ አንዴ አይተው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እስከ ሳጉሬ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው። አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወንድሜ በቅሎ ላይ እንደ ጆንያ ተጋድሞ ሲያልፍ አየውና «አይዞሽ፣ ተራው ይሸፈናል» አለኝ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ምራቅ አጣሁ።

አሰላ ገባን፣ ሐኪም አየው፣ ሳንባው ነው አሉ፣ መርፌ ተወጋ፣ ኪኒን ዋጠ፣ አንሶላዬን በኦሞ አጥቤ በፀሐይ፣ ፀሐይ ስትገኝ፣ አድርቄ አነጠፍኩለት፣ ጸጉሩን ላጨሁት፣ ቅማሉ ከነልብሱ ተቃጠለ። አመጣሁት! ከሞት አፍ ነጠቅኩት! እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ይተኛል። ቀን ነው፣ ሲያወራኝ ቆይቶ ቃሉን ሳይጨርስ ይተኛል፣ ብጠራው አይሰማም፣ ፊቱ ላይ ውሃ ብረጭበት አይነቃም፣ ወደ አስር ሰዓት ራሱ ይነቃል፣ «ምን ሕልም አየህ?» ስለው «ምንም፣ ደከመኝ ብቻ» ይላል። ትኩሳቱ ነው አልኩ። እግሩ በረዶ ይሆናል፣ የደም ማነስ ነው አልኩ። አንድ ቀን አንሶላውን ስገልጥ ተረከዙ ላይ ጭቃ አገኘሁ፣ እኛ ሰፈር የሌለ ጥቁር የተራራ ጭቃ፣ ያጠብኩት እግር ነው እኮ፣ እሱን ግን ምን እንደምለው ሳላውቅ ግርማ ደወለ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ጀማል መቼ ነው የተመለሰው? እንዲያርፍ አይተዉትም ነበር?»

«የት?»

«እዚህ ነዋ። እኔ ጥበቃ ላይ ሆኜ ከኋላዬ መጥቶ ‹አለሁ› አለና ካፖርቱን ወሰደ። ዘወር አላልኩም፣ ሳሉን ግን አጣዋለሁ? ወርጄ አለቃውን ጀማል መጣ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ተራው ተሸፍኗል አይደል አለኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ውስጠኛው ክፍል አየሁ። ወንድሜ አልጋዬ ላይ ተኝቷል፣ አፉ ገርበብ ብሏል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትከሻውን በሁለት እጁ አቅፎታል፣ ይንቀጠቀጣል።

«ግርማ» አልኩት፣ «ልጄ፣ አንተስ ለምን አትወርድም?»

ሽቦው በስልኩ ውስጥ እዝዝዝ ሲል ይሰማኛል።

«ሁለቱ ቆመው?» አለኝ።

ሼኽ ጠርቼ ቁርኣን አስቀርቻለሁ፣ ሐኪም ቤት መልሼ ወስጃለሁ፣ በዚያ ሰዓት እንዳይተኛ ገበያ መሀል አስቀምጬው ሞክሬያለሁ፣ ቆሞ ነው የተኛው፣ ሸክም ላይ ወደቀ። አሁን የዘንድሮው ክረምት ገብቷል፣ አደባባዩ ላይ ያለውን ሸራ አውርደው አዲስ ሰቅለዋል፣ ሌሎች ጥርሶች፣ ያው ምስጋና። ጀማል ጎሚስታ ቤት ተመልሷል፣ ወፍሯል፣ ይስቃል፣ ሳሉ ጠፍቷል፣ ያየው ሰው ሁሉ «አላህ ይመስገን፣ አዳንሽው» ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ሰዓቱ ሲቀርብ ግን መፍቻውን አስቀምጦ ወደ ቤት ይመጣል፣ ይጋደማል። መጀመሪያ መጀመሪያ እታገለው ነበር። አሁን ከቦንዳው የወጣውን ወፍራሙን ካፖርት መርጬ ላዩ ላይ ጣል አደርግለታለሁ፣ መሄዱ ካልቀረ ሞቆት ይሂድ ብዬ። የሞተውን ያላሰናበቱ ሰዎች የታመመውን ያሰናብታሉ ብዬ ማሰቤም የኔ ሞኝነት ነው፣ ቱ!

ትናንት አስር ሰዓት ላይ ገባሁ። እንደተኛ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ካፖርቱን ከላዩ ላይ አነሳሁት፣ ሞቋል፣ ቁልፎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፣ እኔ ግን ሳልቆልፍ ነበር የጣልኩበት። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ካፉር ሸተተኝ። በትክክል ሸተተኝ፣ አፍንጫዬ አይሳሳትም። ከካፖርቱ ይሁን ከጀማል ግን አላወቅኩም። ጎንበስ ብዬ አንገቱን ባሸተው ይለይልኝ ነበር፣ ሥራዬ አይደለም እንዴ፣ ስንቱን ሰው ልብስ እንዲያ ለይቻለሁ።

አላሸተትኩም። ካፖርቱን መልሼ አለበስኩትና እስኪነቃ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።